ፓምፑን ከማስወረድዎ በፊት

ጥያቄ፦ አሮጌው አይሱዙዬ ዳገት ላይ እየተንገታገተ ጠፋ። ሞተሪኖው ያዞራል፣ አይነሳም። «ፓምፑ ይውረድ» ተባልኩ፤ ላስወርደው?

መልስ፦ ይቆዩ፤ ብር የሚበላው እሱ ነው። ሞተሪኖው ሲያዞር ጭስ ማውጫውን ይዩ። ነጭ ጭስ ካለ ናፍታ እየደረሰ ነው፤ ጭራሽ ከሌለ አልደረሰም። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ አድርገው የእጅ ፓምፗን ደጋግመው ይጫኑ። አረፋ የበዛበት ናፍታ ከወጣ መስመሩ አየር ይስባል፤ ከሰልባትዮው ጀምሮ ጎማውንና ፋሸታውን ይፈትሹ። ብዙ ሾፌር የሚሸወደው እዚህ ነው፦ መስመሩ የሚስብ እንጂ የሚገፋ ስላልሆነ፣ የተሰነጠቀ ጎማ አየር እያስገባ ናፍታ ላያንጠባጥብ ይችላል። ደረቅ ነው ብለው አይለፉት። ናፍታ ካልመጣ ፊልትሮው ወይም የሰልባትዮው ወንፊት ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ንጹህ ናፍታ እየወጣም ጭስ ከሌለ፣ ቁልፍ ሲከፍቱ የፓምፑ ማጥፊያ ሶሌኖይድ «ጠቅ» ይል እንደሆነ ያዳምጡ፤ ዝም ካለ ኤሌክትሪሻን ይጥሩ። ሞተሪኖውን ግን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አያስጩኹት።