ስለ አዳዲ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያንና ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከጽርእ የመጣ ነው። ፎስ ማለት ብርሃን፣ ግራፎ ማለት እጽፋለሁ ማለት ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ በብርሃን የተጻፈ ጽሕፈት የሚል ትርጓሜ ይሰጣሉ። ውቅር የሚለው ግን የራሳችን የግእዝ ቃል ነው፤ ወቀረ ማለት ድንጋይን ጠረበ፣ ፈለፈለ ማለት ነው። አንዱ ጽሕፈት በቅጽበት ያልቃል፤ ሁለተኛው የብዙ ሰዎችን ዕድሜ ይበላል። እኛም ሁለቱ በአንድ ስፍራ ሲገናኙ በመካከላቸው ምን ዓይነት ሥርዓት ሊኖር እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

ለዚህ ምክንያት የሆኑን የጃጁራ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው። ወደ አዳዲ ማርያም ልንሄድ በተሰናዳን ጊዜ፣ ካሜራና ስልክ ይዞ ወደ ቤተ መቅደስ መቅረብ ይገባልን ወይስ አይገባም የሚል ክርክር በመካከላቸው ተነሣ። ከፊሎቹ፣ ሥዕል የማናነሣ ከሆነ ለምን ያን ያህል መንገድ እንደክማለን አሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ፣ የተሳላሚ እጅ ጧፍ እንጂ ካሜራ ሊይዝ አይገባውም አሉ። ሁለቱም ወገኖች በከፊል እውነት ስለ ያዙ ነገሩ በቀላሉ የሚቈረጥ አልነበረም።

ከጃጁራ የሚነሣ ተጓዥ መጀመሪያ ወደ ሆሳዕና ይወጣል፤ ከዚያም በወራቤና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ሰሜን ያመራል። በመንገዱ ላይ ጢያን ያገኛል። የጢያ ትክል ድንጋዮች 36 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 32ቱ የሰይፍና የሌላም ምልክት ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከሥራቸው በተደረገው ቍፋሮ የሰው አፅም ስለ ተገኘ የመቃብር ምልክቶች መሆናቸው ታውቋል። ከጢያ አልፎ በአዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጥሬ ደግሞ እጅግ ጥንታዊ የሆነ የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ስፍራ ሆኖ በ2016 ዓ.ም. ከዚሁ መዝገብ ገብቷል። አዳዲ ማርያም ከዚህ አካባቢ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ የሚደረስባት ናት፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ወደ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

ከሩቅ ሲመለከቷት ቤተ ክርስቲያን አትመስልም። ጕልላት ከሰማይ ጋር ተነጻጽሮ የሚታይባት አይደለችም፤ ምክንያቱም ከኮረብታው ዓለት ውስጥ ወደ ታች የተፈለፈለች ስለ ሆነች ጣራዋ ከምድሩ ጋር ሊተካከል ምንም ያህል አይቀረውም። ዙሪያዋን ጥልቅ ቦይ ተቈፍሮላታል፤ ወደ ቦዩ ሲወርዱ ብቻ ግድግዳዋ፣ በሮቿና መስኮቶቿ ይገለጣሉ። በዚህም ምክንያት ሳያውቁ እየተራመዱ ጣራዋ ላይ የሚወጡ፣ አንዳንዶችም እዚያው ቆመው ፎቶግራፍ የሚነሡ አሉ። በታቦቱ አናት ላይ መቆማቸውን ቢያውቁ እንደማያደርጉት እናምናለን። ስለዚህ ይህን አስቀድሞ ለወጣቶች መንገር የአስተማሪ ፋንታ ነው።

የዚህ ዓይነት ሕንጻ አሠራር ከሌላው ሁሉ የተገለበጠ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ግንበኛ ከመሠረት ጀምሮ ወደ ጣራ ይወጣል፤ ዓለት ፈልፋይ ግን ከጣራ ጀምሮ ወደ መሠረት ይወርዳል። ግንበኛ ድንጋይ ቢሳሳት አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ፈልፋይ ግን አንዴ የሰነጠቀውን ዓምድ መልሶ ሊያቆመው አይችልም። መሮውን ሳያሳርፍ አስቀድሞ ሕንጻውን በሙሉ በልቡናው ሊያየው የግድ ነው።

የማን ሥራ ናት የተባለ እንደ ሆነ፣ አባቶች በቃል ያቈዩን ትውፊት ቅዱስ ላሊበላ ወደ ዝቋላ ደብር በተጓዘ ጊዜ ያሠራት መሆኗን ይናገራል። የሕንጻ ታሪክ ተመራማሪዎች ዘመኗን በልዩ ልዩ መንገድ ይገምታሉ፤ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አሠራር ጋር ዝምድና እንዳላት ግን ይስማማሉ፤ ከእነዚያ ወገን ወደ ደቡብ ርቃ የምትገኝ እርሷ መሆኗም የታወቀ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ጊዜ ተዘግታ ኖራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንደ ገና አገልግሎት መጀመሯ ይነገራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት በስዊስ እርዳታ እድሳት ተደርጎላታል። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስባት መሆኗ ነው፤ ቤተ መዘክር አይደለችም።

አሁን ወደ ካሜራው እንመለስ። የፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ በመጽሐፉ ከገለጣቸው በኋላ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ሰጋ የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋግጧል። በእጁ አንዲት ፎቶግራፍ ብትኖር መሐላውን ባላስፈለገው ነበር። በሌላ በኩል፣ በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ ከመቶ የሚበልጡ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ስም ዝርዝር ባቀረቡ ጊዜ፣ ብዙ የውጭ ሊቃውንት ከጥቂቶቹ በቀር ሰምተዋቸው አያውቁም ነበር። የአካባቢው ምእመናን ግን በየበዓሉ ይሳለሟቸው ነበር። ከዝርዝሩ በኋላ ነው ተመራማሪዎች ካሜራና መለኪያ ይዘው ወደ የተራራው የወጡት።

ነገር ግን በገጠር ያሉ አባቶች ካሜራ የያዘውን እንግዳ በጥርጣሬ ዓይን የሚያዩበትም ምክንያት አለ፤ ይህን ወጣቶች እንደ ኋላ ቀርነት ሊቈጥሩት አይገባም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ሠራዊት ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር፤ የአምባውንና የመንገዱን ሥዕል አነሡ። ያው ሠራዊት የብራና መጻሕፍትንም አነሣ፤ ከእነርሱ ወደ 350 የሚሆኑት በብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በአማርኛችን ሥዕልንም ንብረትንም ማንሣት በአንድ ቃል መጠራታቸው በዚህ ጊዜ ያሳዝናል። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል ተሰርቆ ወደ ውጭ አገር ወጥቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሷል። ዛሬ አንድ እንግዳ መቅረጫ ይዞ ወደ ዕቃ ቤት ሲጠጋ የቄሰ ገበዙ ፊት ቢጠቍር ከዚህ ሁሉ የተነሣ ነው።

የዚህን ተቃራኒም እንናገር። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ተመሥርቶ ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ከዘጠኝ ሺሕ በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። ከዚያ በኋላ በነበሩት የሁከት ዓመታት ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ ከፊልሙ ይነበባል። እዚህ ላይ ካሜራው የብራና ጸሐፊን ሥራ ሠራ።

አዳዲ ማርያም ደርሰን ወደ ቦዩ በወረድን ጊዜ፣ ወጣቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ውስጡ ጨለማ ነበር። ዓይናችን ጨለማውን ሳይለምድ ከየአቅጣጫው የስልክ ብርሃን በራ። በደጁ የነበሩት አንድ ሽማግሌ ቄስ አልተቈጡም፤ ብቻ፣ «ልጆቼ፣ ይህን ሥዕል ምን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ብርሃኖቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ለብዙ ጊዜ መልስ የሰጠ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ልጅ፣ «አባታችን፣ እናቴ እግሯን ስለሚያማት ከጃጁራ መውጣት አትችልም፤ ላሳያት ብዬ ነው» አለች። ቄሱ ዝም ብለው ቆዩና ጧፋቸውን ለኩሰው ወደ አንዱ ዓምድ ራሳቸው አስጠጉላት። «እንግዲያስ በደንብ ይታያት» አሉ። ወደ መጋረጃው በኩል ያለውን ግን አላስነሡም፤ ልጅቱም አልጠየቀችም።

ከዚህ በመነሣት ለወጣቶቹ የሰጠናቸው ሥርዓት አጭር ነው። አስቀድሞ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠየቅ፤ የሚከፈል ካለ ያለ ክርክር ይከፈል። ቅዳሴ ወይም ማኅሌት በሚካሄድበት ጊዜ ካሜራ አይነሣ፤ ብልጭታው የሚጸልየውን ሰው ያውከዋልና። ወደ መቅደሱ በኩል ፈጽሞ አይዞር። የሚጸልይ ምእመን ፊት ሳይፈቅድ አይነሣ፤ በተለይም ስእለት ይዛ የምታለቅስ እናት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ይሳለሙ፤ የቸኰለ ካለ ይቈየን።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ ሰምተን አሳዝኖናል። ከወጣቶቹ አንዱ፣ ይህ ሁሉ የሰሜን ሰዎች ሥራ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን አለ። እንዲህ ያለው አሳብ ከታሪክ አለማወቅ የመጣ ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ንግሥት እሌኒ የሀድያ ገራድ ልጅ ነበረች፤ በጎጃም በመርጡለ ማርያም የታነጸው ታላቅ ቤተ ክርስቲያንም በስሟ ይጠራል። የሀድያ ልጅ በአባይ ማዶ ድንጋይ አስጠርባለችና፣ የጃጁራ ልጅ በአዋሽ አጠገብ ቢቆም እንግዳ አይባልም። ደግሞ በገዛ አካባቢያቸው፣ በከምባታ ከዱራሜ አጠገብ ያለው 3,058 ሜትር ከፍታ ያለው የሐምበሪቾ ተራራ አለ፤ 777 ደረጃ ስለ ተሠራለት ወጣቱ ሁሉ እየወጣ ሥዕል ይነሣበታል። የቀድሞውን የከምባታ መንግሥት ታሪክ ከሽማግሌዎች ጠይቀው ከሥዕሉ ሥር ቢጽፉ ደረጃውን በከንቱ አልወጡትም።

ከስልኩ የሚቀረው ሥዕል ስልኩ ሲሰበር አብሮ እንደሚጠፋ ስለምናውቅ፣ ከተመለስን በኋላ ወጣቶቹ ካነሡት መካከል 12 መርጠን በሆሳዕና በወረቀት አሳተምን። በእያንዳንዱ ጀርባ የስፍራው ስም፣ ቀኑና ያነሣው ሰው ስም ተጻፈ። ከዚያም የደብራችንን መስቀሎች፣ መጻሕፍትና አልባሳት በተመሳሳይ መንገድ አንሥተን፣ ርዝመታቸውንና ስፋታቸውን ለክተን፣ የሰጪውን ስም ከሚያስታውሱ አረጋውያን ጠይቀን በአንድ መዝገብ አሰፈርን። መዝገቡ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ በዕቃ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቈልፏል፤ ሁለተኛው ከደብሩ ውጭ በአደራ ተቀምጧል። የዓምዱ ሥዕል ግን ከ12ቱ መካከል የለም፤ ልጅቱ ለእናቷ ወስዳዋለች።