ለዱር አራዊት መተላለፊያ መንገድ

በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር ከጥፋት ውኃ በኋላ ቃል ኪዳን የገባው ከኖኅና ከልጆቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመርከቡ ከወጡት ሕያዋን ፍጥረታት ሁሉ ጋር ነው። እንግዲህ አራዊትን መጠበቅ ከእምነታችን ውጭ የሆነ ሥራ አይደለም። ጥያቄው እንዴት እንጠብቃቸው የሚለው ነው።

ቦታ መከለል ብቻውን እንደማይበቃ የሰሜን ተራሮች ያስተምሩናል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም የዋልያ ቁጥር በማነሱ፣ እርሻና መንገድም ወደ ውስጡ በመግባታቸው በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ። ከዚያ በኋላ ወሰኑ እስከ ራስ ደጀን ሰንሰለት ተዘርግቶ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ፤ በ2017ም ከዚሁ መዝገብ ወጣ።

ተራራን ከተራራ ማገናኘት ለምን አስፈለገ? በቁጥር ያነሱ እንስሳት በአንድ ስፍራ ተነጥለው ሲቀሩ እርስ በርሳቸው በዝምድና ይዋለዳሉ፤ መቅሠፍት ቢደርስባቸውም ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካቸው አይኖርም። ይሁን እንጂ መተላለፊያው በሽታንም ያሻግራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጀ። ባለሙያዎች በመተላለፊያ ጠባብ ቦታዎች የሚኖሩትን ቀበሮዎች ከትበው ወረርሽኙን ገቱት። ስለዚህ መንገዱን የሚያቅድ ሁሉ በአካባቢው ያሉትን የገበሬ ውሾች ማስከተብም ሊያስብ ይገባል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ የተቆራረጠ መኖሪያ እንስሳትን ለጥፋት እንደሚዳርግ ገልጸው መተላለፊያዎችን መሥራት እንደ አማራጭ አንሥተዋል። በዚሁ መልእክት የምድር ጩኸትና የድሆች ጩኸት እንደማይነጣጠሉም አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ አካባቢ ሲሰፍሩ ለዋልያ ሲባል ቀዬአቸውን ለቀዋል። የሁላችንን ቅርስ ለመጠበቅ ጥቂቶች ብቻ ዋጋ ቢከፍሉ ፍትሕ አይሆንም። መተላለፊያ ሲታቀድ ገበሬው ከመጀመሪያው ሊመክርበት፣ ላጣው ግጦሽና እርሻም ተገቢውን ምትክ ሊያገኝ ይገባል።

እኛም በየቁምስናችን ይህን እንወያይበት፦ በአካባቢያችን ተነጣጥለው የቀሩት ደኖች የትኞቹ ናቸው? በወንዝ ዳር የአገር በቀል ዛፍ ተክለን ልናገናኛቸው የምንችለውስ ከእነማን ጋር ተባብረን ነው?