የአየር ንብረት ዕቅድ፦ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

ነርሲንግ ክፍል ውስጥ የታካሚ እንክብካቤ ዕቅድ ስናወጣ ችግሩን፣ ግቡንና ውጤቱ የሚለካበትን መንገድ እንጽፋለን። እኔ የአገሮችን የአየር ንብረት ዕቅድም እንደዚሁ ነው የማነበው።

በፓሪሱ ስምምነት መሠረት አገሮች በየአምስት ዓመቱ ዕቅዳቸውን ያቀርባሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው ዕቅድ፣ ምንም እርምጃ ባይወሰድ በ2030 ይደርሳል ከተባለው የበካይ ጋዝ ልቀት 68.8 በመቶውን ለመቀነስ ቃል ገብታለች። ቁጥሩ ግን ለሁለት ይከፈላል፤ 14 በመቶው በራሷ አቅም፣ 54.8 በመቶው ደግሞ የውጭ ድጋፍ ከተገኘ ብቻ ነው።

ድጋፉም አንድ ዓይነት አይደለም። እርዳታ አይመለስም። ብድር ይመለሳል፤ የሚከፈለውም ጤና ጣቢያ ከሚሠራበት ከዚያው የመንግሥት ካዝና ነው። በውጤት የሚከፈልም አለ፤ በኦሮሚያ የደን ፕሮግራም ገንዘቡ የሚለቀቀው የቀነሰው ልቀት ተለክቶ ሲረጋገጥ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ለጤና ተማሪዎች ሩቅ አይደለም። በ2011 በወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ቅድሚያ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። ደን ያተርፋል፤ እንጀራ የምትጋግር እናት የምትተነፍሰውንም ጭስ ይቀንሳል።

ስለዚህ «አገራችን ቃል ገባች» የሚል ዜና ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንቱ በራስ አቅም ነው? ስንቱ ብድር ነው? ውጤቱንስ ማን ይለካል?