ናሙና እንዴት ይወሰዳል?

እህል ገዢ ገበያ ሲወጣ ጆንያውን ሁሉ አራግፎ አያይም። አንድ እፍኝ ዘግኖ ያያል። ብልህ ገዢ ግን ከጆንያው አፍ ብቻ አይዘግንም። እጁን ሰድዶ ከመሐልም ከሥርም ያወጣል። ላይ ላዩ ማኛ፣ ሥሩ አፈር ሊሆን ይችላላ! ስለ ጆንያው ሁሉ እንዲመሰክር የተወሰደው እፍኝ ናሙና ይባላል።

ስለ ሰው ኑሮ ሲጠናም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ፣ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆመን ሻንጣ የያዘውን መንገደኛ ሁሉ፣ «በአውሮፕላን ተሳፍረው ያውቃሉ?» ብንል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም «አዎን» ይለናል። ታዲያ «ኢትዮጵያዊ ሁሉ በአውሮፕላን ይሄዳል» ብለን እንጻፍ? ውሸት ይሆናል። መቶውን ትተን አሥር ሺህ ሰው ብንጠይቅም ያው ነው። ስሕተቱ የቁጥር ማነስ ሳይሆን የቆምንበት ቦታ ነው።

እኛም ይህንኑ ስሕተት ሠርተናል። በዘመትንበት ቀበሌ ስለ ውሃ ስንጠይቅ፣ የጋራውን አቀበት ፈርተን መንገድ ዳር ያሉትን ቤቶች ብቻ ጠየቅን። «ውሃው ቅርብ ነው» አሉን፤ ጻፍን። በማግስቱ አንዲት እናት እንስራ አዝለው አቀበቱን ሲወጡ አገኘናቸው። ከቤት የወጡት ገና ሳይነጋ ነበር። «ልጆቼ፣ እኛ ዘንድስ ማን መጣ?» አሉን። አፈርን። ወረቀቱን ቀደን እንደገና ጀመርን።

ሌላም አለ። አንድ አባወራ ስንት በሬ እንዳላቸው ብንጠይቃቸው «አንድ» አሉን። በረታቸው ውስጥ ግን ሁለት ታስረዋል። ለግብር የመጣን መስሏቸው ኖሯል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ለምን እንደምንጠይቅ አስቀድመን አልነገርናቸውም። ሰው ጠያቂውን ካላመነ እውነቱን አያወጣም።

አንዳንዴ ደግሞ ስሕተቱ ሳይታሰብ ይመጣል። በአገራችን የሕዝብ ቆጠራዎች 30፣ 40፣ 50 የሚሉ ዕድሜዎች ከመጠን በላይ በዝተው ተገኝተዋል። የልደት ቀኑ ያልተጻፈለት ሰው ዕድሜውን በግምት ይደፍነዋልና። እንግዲህ መጻፍ የቻልን ሁሉ የልጆቻችንን የልደት ቀን ጽፈን እናስቀምጥ።

ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው? በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንመልከት። የአገሩ ቤት ሁሉ አልተጠየቀም። ከከተማ 202፣ ከገጠር 443፣ በድምሩ 645 ቦታዎች ተመረጡ። በየቦታው በመጀመሪያ ቤቶቹ ተመዘገቡ። ከዚያ ከየቦታው 28 ቤት ያለ አድልዎ ተለየ። በዚህ ዓይነት 16,650 ቤተሰቦች መልስ ሰጡ። ነገሩ እንደ ዕቁብ ዕጣ ነው። ስሙ ያልገባ ሰው ዕጣ አይወጣለትም። ስለዚህ የጋራው ማዶ ቤትም መመዝገብ አለበት።

የውሃ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር፣ ጤና ጣቢያ የት እንደሚሠራ ሲታሰብ የሚታየው የተጻፈው ቁጥር ነው። ጠያቂ ሲመጣ እውነቱን እንንገረው። እኛም መልሰን፣ «ያልጠየቃችሁት ማን አለ?» እንበለው።

ጥያቄ
1. ናሙና ምንድን ነው?
2. አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ አሥር ሺህ ሰው መጠየቅ ስለ አገሩ ሁሉ እውነቱን የማይነግረን ለምንድን ነው?
3. በቀበሌያችሁ ጠያቂ የማይደርስባቸው ቤቶች የትኞቹ ናቸው?