ወንድ ልጅ የሚጠበቅበትን በክፍል ውስጥ ማወያየት፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚያስተምር መምህር

መግቢያ

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቶ የሚማር የገጠር ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሽሮውን ራሱ ይሠራል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ውሃውን ይቀዳል። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ አገሩ ሲገባ ግን ማጀት ዝር አይልም። ዝር ካለማ "ሴታ ሴት" ይባላላ! እጁ ያው እጅ ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ሰው ነው።

በትምህርት ክፍላችን ስለ ሥርዓተ ጾታ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንወያየው ስለ ሴት ልጅ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ያለዕድሜ ጋብቻውም ሆነ የሥራ ጫናው ይበልጥ የሚጎዳው እሷን ነው። ሆኖም ወንዶቹ ወይ እንደ ተከሳሽ ወይ እንደ ተመልካች ስለሚቀመጡ ትምህርቱ አይነካቸውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነሱንም ወደ ውይይቱ ማስገባት የሚቻልበትን መንገድ ማሳየት ነው።

1. ጽንሰ ሐሳቡ

ጾታ በተፈጥሮ የምናገኘው ሲሆን ሥርዓተ ጾታ ግን ኅብረተሰቡ ለወንድና ለሴት የሚያከፋፍለው ድርሻ ነው። ተማሪዎች "ከጥንትም እንዲህ ነው" ማለታቸው አይቀርም። ለዚህ ሕጉ ጥሩ መልስ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለም ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረጉ። ሰው የጻፈውን ሰው ለወጠው ማለት ነው።

2. የትምህርቱ አካሄድ

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት መጀመሪያ የጠየቅሁት "የወንድ የበላይነት ትክክል ነው ወይስ አይደለም?" ብዬ ነበር። ስህተት ነበር። ወንዶቹ ጮኹ፣ ሴቶቹ ዝም አሉ፣ ደወሉ ተደወለ።

በማግስቱ ሰሌዳውን ለሦስት ከፈልኩት። በመጀመሪያው "ከወንድ ልጅ ምን ይጠበቃል?"፣ በሁለተኛው "ባያደርገው ምን ይባላል?"፣ በሦስተኛው "በዚህ ማን ይጎዳል?" የሚል ጻፍኩ። አንደኛው ወዲያው ሞላ፦ ማረስ፣ ከብት መጠበቅ፣ ቤተሰብ መርዳት፣ አለመፍራት፣ አለማልቀስ፣ ደም መመለስ። ሁለተኛውም እንዲሁ፦ ፈሪ፣ የወንድ አልጫ፣ ሴታ ሴት። ሦስተኛው ላይ ግን ክፍሉ ዝም አለ። በኋላ አንድ ልጅ ወንድሙ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ በሽታ እንደያዘውና "ወንድ አይደለህም" እንዳይሉት ሳይናገር ቆይቶ ሰው ደግፎት እንደተመለሰ ተናገረ። እንደምናውቀው ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርድ የደጋ ልጅ ወባና ካላዛር ይጠብቁታል፤ ሁለቱም ደግሞ ቶሎ ካልታከሙ ይገድላሉ። ዝምታው ሕይወት ያስከፍላል።

3. ከአገራችን የሚገኙ ምሳሌዎች

መምህሩ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። ጋይንት የቤተልሔም የድጓ ትምህርትና የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት አገር ነው። የቆሎ ተማሪ ከእናቱ ርቆ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሃ ቀድቶ፣ እንጨት ለቅሞ ይማራል። ታዲያ ማን የወንድ አልጫ ይለዋል? እንዲያውም ይከበራል።

ሌላው በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው አውራ አምባ ነው። ማኅበረሰቡ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው በእስቴ ተወላጁ በዙምራ ኑሩ መሪነት ነው። እናትና አባታቸው እኩል እርሻ ውለው ሲመለሱ እናት ብቻ ሥራ መቀጠሏ በልጅነታቸው እንዳስገረማቸው ዙምራ ይናገራሉ። በአውራ አምባ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ጥጥ ይፈትላል፤ ሴትም ታርሳለች።

4. ለመምህሩ ጥንቃቄ

ሀ. ማንንም ተማሪ የቤቱን ምስጢር እንዲያወራ አታስገድድ። በተለይ ደም የመመለስ ጉዳይ ሲነሳ የሰው ስም አይጠራ፤ ክፍሉ ውስጥ የሁለቱም ወገን ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ።
ለ. የተማሪዎቹን አባቶች አትንቀፍ። አባቱ የተነካበት ልጅ ጆሮውን ይዘጋል።
ሐ. ሴቶቹም ሦስቱን ጥያቄዎች ይመልሱ። "ሴታ ሴት" የሚለው ስድብ ለምን በእነሱ ስም እንደሆነ ቢጠየቁ ብዙ ይናገራሉ።
መ. የቤት ሥራው ቀላል ይሁን፦ በኪራይ ቤት የሚሠራውን አንድ ሥራ ቅዳሜ ወላጆቹ ቤት ሠርቶ ምን እንደተባለ ሰኞ ይንገረን።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሁሉ ይደምሰስ አልልም። ማረስም ቤተሰብ መርዳትም መልካም ነው። ልጁ መለየት ያለበት የትኛውን ወዶ እንደሚሠራ፣ የትኛውን ደግሞ ስድብ ፈርቶ እንደሚሸከም ነው። ያ የወንድሙን ነገር የተናገረው ልጅ ሲጨርስ ማንም አልሳቀበትም። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም።