ክትባቱ ለልጅቷ እንጂ ለታመመችው ለምን አይሰጥም?

ሉማሜ ላይ ጡረታ የወጡ አንድ የጤና መኮንን አሉ። ስለ በሽታ ግራ የገባው የሰፈር ልጅ ሁሉ እሳቸውን ይጠይቃል። ሰሞኑን የመጣችው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ታናሽ እህቷ ትምህርት ቤት ውስጥ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ተከትባለች።

«ጋሼ፣ ይህ ክትባት ካንሰሩ ለያዛት ሴት ለምን አይሰጥም?»

«ክትባቱ ለሰውነት ምን እንደሚያሳይ እንይ» አሉ አዛውንቱ። «ይህን ካንሰር የሚያመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ይህን ስላረጋገጡ በ2008 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። ክትባቱ የያዘው ኤል1 የሚባለውን የቫይረሱን የውጭ ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ባዶ ስለሆነ በሽታ አያመጣም። ሰውነት ግን ያንን አይቶ ፀረ እንግዳ አካላት ያዘጋጃል፤ እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ ሴል ውስጥ ሳይገባ ይይዙታል።»

«ቀድሞ ከገባስ?»

«ከገባማ አይደርሱበትም። ካንሰር የሆነው ሴል ደግሞ ያን ሽፋን አይሠራም። የሚሠራው ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉትን የቫይረሱን ፕሮቲኖች ነው፤ ሴሉን ያለ ልክ የሚያባዙትም እነሱ ናቸው። የእህትሽ ክትባት እነሱን አያሳይም።»

«ታዲያ ሴል ውስጥ የተደበቀን ነገር ማን ያየዋል?»

«ቲ ሴል የሚባለው የሰውነት መከላከያ ሴል፤ እሱም ቢሆን ውስጥ ገብቶ አይደለም። ገበያ ላይ ጤፍ ሻጩ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ ያሳይ የለ? ገዢውም በዚያ ይፈርዳል። ሴሎቻችንም ከሚሠሩት ፕሮቲን ቆርጠው፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 11 አሚኖ አሲድ የሚሆነውን ቁራጭ ኤች.ኤል.ኤ. በሚባል መያዣ ላይ አድርገው ወደ ውጭ ያወጣሉ። ቲ ሴል ቁራጩን የሚለየው ከነመያዣው ነው፤ ባዕድ ከሆነበት ሴሉን ይገድለዋል። ፒተር ዶኸርቲ እና ሮልፍ ዚንከርናጌል በ1996 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት ይህን ስላገኙ ነው።»

ተማሪዋ አልረካችም። «ቫይረስ የሌለበት ካንሰርስ? የራሳችን ሴል አይደል፤ ምኑ ባዕድ ይሆናል?»

«ጥሩ ጠየቅሽ። ካንሰር የሚነሣው ዘረ መል ሲበላሽ ነው። የተበላሸ ዘረ መል የተለወጠ ፕሮቲን ይሠራል፤ የእሱም ቁራጭ መያዣው ላይ ይወጣል። ችግሩ ለውጡ ከታማሚ ታማሚ መለያየቱ ነው፤ መያዣውም እንዲሁ። ስለዚህ ዕጢው ይወሰድና ዘረ መሉ ከጤነኛው ሴል ጋር ይነጻጸራል፤ ከዚያ ለዚያው ሰው ብቻ የሚሆን ክትባት ይቀመማል። 157 የሜላኖማ፣ ማለትም የአንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ታማሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ እስከ 34 እንዲህ ያሉ የተለወጡ ቁራጮችን የሚያሠራ የኤም.አር.ኤን.ኤ. ክትባት ፔምብሮሊዙማብ ከሚባል መድኃኒት ጋር ተሰጥቶ፣ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ካንሰሩ የመመለስ ወይም የመሞት አደጋ በ44 በመቶ ቀንሷል።»

«መድኃኒቱ ለምን ተጨመረ?»

«ካንሰር ቲ ሴልን ስለሚያስቆመው ነው። ቲ ሴል ላይ ፒ.ዲ.1 የሚባል ማቆሚያ አለ፤ ዕጢው እሱን ይጫነዋል፣ መድኃኒቱ ደግሞ ይከለክለዋል። አንዳንዱ ዕጢ ግን ኤች.ኤል.ኤ. ማውጣቱን ጭራሽ ይተዋል፤ ያን ጊዜ የሠለጠነ ቲ ሴልም ምንም አያይም።»

«እኛ አገርስ?»

«መከላከያው ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. በአንድ መርፌ ብቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ተሰጠ። ክትባቱ ያለፋቸው እናቶች ደግሞ ከ30 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመረመራሉ፤ የማኅፀን በር በአሴቲክ አሲድ ይቀባና ወደ ካንሰር የሚያመራ ለውጥ ካለ ነጥቶ ይታያል፤ ካንሰር ሳይሆንም ይታከማል። እናትሽ እዚያ ዕድሜ ላይ ከሆኑ፣ ሕመም እስኪሰማቸው ሳይጠብቁ ሄደው እንዲመረመሩ ንገሪያቸው፤ ጎረቤቶቻቸውንም ይዘው ይሂዱ።»