ከላቦራቶሪ የሚወጣውን የላም ፅንስ ስለ መምረጥ

በቂርቆስና በካዛንቺስ የሚሠራ አስመጪ ለወተት ላም አርቢዎች የውጭ አገር ፅንስ ለማምጣት ቢያስብ፥ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ ነገር አለ። እህል በመዳፍ ተዘግኖ ይታያል፤ ቡናም ተቀምሶ ይታወቃል፤ ፅንስ ግን የሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ ስለ ሆነ ያለ ማይክሮስኮፕ አይመረመርም። ስለዚህ ገዢው የሚያየው የሻጩን የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ያንን ማንበብ ያልቻለ ነጋዴ የሞተውን በሕያው ዋጋ ሊገዛ ይችላል።

ከላም የተወሰደው እንቁላል በላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ቀን ያህል እስኪበስል ይቆይና ከኮርማው ዘር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም በ38.5 ዲግሪ ሙቀት እየተጠበቀ ያድጋል። እስከ 7ኛው ቀን ድረስ ለመተላለፍ የሚበቃው ከሦስት እንቁላል የአንዱ ያህል ነው። እንቁላልና ዘር ከላም አካል ውጭ ተገናኝተው የተገኘው የመጀመሪያው ጥጃ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተወለደ።

በ7ኛው ቀን መርማሪው በመጀመሪያ ፅንሱ ለዕድሜው የሚገባውን ያህል ማደጉን ያያል፤ ወደ ኋላ የቀረው ብዙ ጊዜ ደካማ ነውና። ቀጥሎም በዓለም አቀፉ የፅንስ ቴክኖሎጂ ማኅበር መመዘኛ መሠረት ደረጃ ይሰጠዋል። ከሴሎቹ ቢያንስ 85 በመቶው ጤነኛ የሆነለት 1ኛ፥ ቢያንስ 50 በመቶው 2ኛ፥ ቢያንስ 25 በመቶው 3ኛ ይባላል፤ 4ኛው የሞተ ወይም በመበላሸት ላይ ያለ ነው። 2ኛው ሳይቀዘቅዝ በቶሎ ቢተላለፍ ሊጸነስ ይችላል፤ ቅዝቃዜን ግን በደንብ አይችልም። ለዓለም አቀፍ ንግድ የሚመከረው ስለዚህ 1ኛው ብቻ ነው። የውጭ ሽፋኑም በሽታን እንዳያስገባ ያልተሰነጠቀና ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል።

የአባለ ዘር አያያዝ በቃሊቲው የማዳቀያ ማዕከል ምክንያት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ በአንድ የኮርማ ዘር ቀሰም ውስጥ ሚሊዮኖች ሲገኙ፥ በፅንስ ቀሰም ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች የጠበቀው ፅንስ ዕቃው ጎድሎ ቢሞቅ ምትክ የለውም። ተቀባይዋም ላም የድራቷ ቀን ከፅንሱ ዕድሜ ጋር ከአንድ ቀን በላይ ቢለያይ፥ 1ኛ ደረጃ የሆነውም ፅንስ ሊባክን ይችላል።

እንግዲህ አስተዋይ አስመጪ ውል ከመፈረሙ በፊት የፅንሱን ዕድሜ፥ ደረጃና የጤና ምስክር በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ተቀባይ ላሞቹና ናይትሮጅኑ መዘጋጀታቸውንም ያረጋግጣል። ከዚህ በኋላ ገንዘቡን ቢከፍል ኪሳራው ያነሰ ይሆናል።